አልጋው ቀና፣ አፉ ንጹህ፦ በማሽን የሚተነፍስ ሕመምተኛን ከሳንባ ምች መጠበቅ

"ሲስተር፣ ምች ከሆነማ ዳማከሴ አለ እኮ!"

እንዲህ ያሉኝ ከአለታ ወንዶ የመጡ እናት ናቸው። ልጃቸው የተሳፈረችበት ባጃጅ ተገልብጦ ጭንቅላቷን ተመትታ ነው ጽኑ ሕሙማን ክፍል (አይሲዩ) የገባችው። በአምስተኛው ቀን ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ጠርቶ "የሳንባ ምች ይዟታል" ሲላቸው፣ ጆሯቸው የያዘው "ምች" የምትለዋን ብቻ ነው። ይሄኛው ምች በዳማከሴ አይለቅም፣ ሳንባ ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ነው ብዬ አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ ቀስ ብለው "ስትገባ ሳንባዋ ደህና ነው አላላችሁኝም ነበር?" አሉኝ።

ብለናል። ኤክስሬይዋም ንጹህ ነበር። በሽታውን ያገኘችው እኛው ጋ ተኝታ ነው።

ሐዋሳ ውስጥ በአይሲዩ ነርስነት ስሠራ ብዙ ሥልጠና ወስጃለሁ። እንደዚያች ጥያቄ ያስተማረኝ ግን የለም። ይህን የምጽፈው አይሲዩ አዲስ ለተመደቡ ነርሶች ነው። አስታማሚም ቢያነበው የሚጠቅመው ነገር አያጣም። የክፍላችሁን ፕሮቶኮል አይተካም። የሐኪም ትእዛዝ የሚያስፈልግበት ቦታ ስንደርስ እናገራለሁ።

ምቹ በየት ይገባል?

ሕመምተኛው ሆስፒታል ከገባ 48 ሰዓትና ከዚያ በላይ ቆይቶ የሚይዘው የሳንባ ምች ሆስፒታል ውስጥ የተያዘ ነው ይባላል። በአፉ ወደ አየር ቧንቧው ቱቦ ገብቶለት በማሽን (በቬንትሌተር) መተንፈስ ከጀመረ ከ48 ሰዓት በኋላ ከሆነ ደግሞ የቬንትሌተር ምች እንለዋለን። አይሲዩ ውስጥ ዋና ጭንቀታችን ይሄኛው ነው።

ብዙ ሰው ማሽኑን ይጠረጥራል። ዋናው ጥፋተኛ ግን ምራቅ ነው። ጤነኛ ሰው ምራቁን ይውጣል፣ ትን ካለው ያስላል። ቱቦ ገብቶለት በመድኃኒት የተኛ ሰው ሁለቱንም እንደልቡ አይችልም። ቱቦው ጫፍ አካባቢ ካፍ የምንላት ትንሽ ፊኛ አለች። ተነፍታ የአየር ቧንቧውን ዙሪያውን ትዘጋለች። ምራቁ፣ ከጨጓራ የተመለሰው ምግብ፣ ከጥርስ የለቀቀው ቆሻሻ ሁሉ ከፊኛዋ በላይ ይጠራቀማል። ኩሬ በሉት። ፊኛዋ ስትላላ ወይም ሕመምተኛው ሲገላበጥ ኩሬው በጎንና በጎኑ ወደ ሳንባ ይንጠባጠባል። በዚያ ላይ አይሲዩ ውስጥ ጥቂት ቀን የሰነበተ ሰው አፉ ውስጥ ያለው ጀርም ከቤቱ ይዞት የመጣው አይደለም። አሲኔቶባክተር፣ ክሌብሲዬላ፣ ሱዶሞናስ የሚባሉት፣ ብዙውን መድኃኒት የለመዱት የሆስፒታል ጀርሞች ቦታውን ይይዙታል።

ከዚህ በታች ያለውን ስታነቡ ያቺን ኩሬ አስቧት። እንዳትሞላ፣ እንዳትቆሽሽ፣ እንዳትፈስ ነው ሥራው።

1. ቱቦው ባይገባስ?

ቱቦ ያልገባለት ሰው የቬንትሌተር ምች አይዘውም። ስለዚህ በጭንብል በሚሰጥ የግፊት አየር ወይም በአፍንጫ በሚገባ ከፍተኛ የኦክስጅን ፍሰት መቆየት የሚችል ሕመምተኛ ካለ ያ ይቅደም። ውሳኔው የሐኪሙ ነው። የእናንተ ሥራ ጭንብሉ እንዳያፈስ ማስተካከል፣ ሰውዬውን ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ ድካሙን ቶሎ ማሳወቅ ነው። ቱቦው የግድ ከሆነም አታዘግዩት። የሰውነቱ ኃይል እስኪያልቅ ተጠብቆ በሩጫ የሚገባ ቱቦ ትውከት ወደ ሳንባ ያስገባል።

2. እጅ

ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ አጭር አደርገዋለሁ። ሕመምተኛውን ከመንካት በፊት፣ ንጽህና የሚፈልግ ሥራ ከመጀመር በፊት፣ ፈሳሽ ከነካን በኋላ፣ ሕመምተኛውን ከነካን በኋላ፣ በዙሪያው ያለውን ዕቃ ከነካን በኋላ። በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በውሃና በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ጓንት እጅ መታጠብን አይተካም። በዚያው ጓንት አልጋ 3ን ሰክሽን አድርጎ (አክታውን በማሽን መጥጦ)፣ ስልክ አንስቶ፣ አልጋ 5 ጋ የሚሄድ ሰው አይቻለሁ። እጁን ከጀርም ጠበቀ፣ አልጋ 5ን ግን አልጠበቀም።

ውሃ ሲጠፋ ምክንያት አይሁን። በየአልጋው ግርጌ የአልኮል ጠርሙስ ይንጠልጠል። በግዢ የሚመጣው ካለቀ የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር አለ፦ ኢታኖል 80 በመቶ፣ ግሊሰሮል 1.45 በመቶ፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 0.125 በመቶ። የሆስፒታሉ ፋርማሲ ሊያዘጋጀው ይችላል። ሄዳችሁ ጠይቁ።

3. አልጋው

ከሁሉም ርካሹ ይሄ ነው፣ ከሁሉም የሚዘነጋውም። ራስጌው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና ይበል።

እ.ኤ.አ. በ1999 ባርሴሎና ውስጥ በማሽን የሚተነፍሱ 86 ሕመምተኞችን ለሁለት ከፍለው ያጠኑ ነበሩ። በጀርባቸው ከተንጋለሉት 34 በመቶው ላይ የሳንባ ምች ተጠረጠረ። በ45 ዲግሪ ቀና ካሉት ግን 8 በመቶው ላይ ብቻ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ከዚያ ወዲህ የተሠሩትም ሁሉም ይህን ያህል ልዩነት አላገኙም። ቢሆንም አልጋ ማቅናት ሳንቲም አያስወጣም።

ችግሩ ዓይናችን ይዋሻል። አንድ ቀን ከባልደረባዬ ጋር ተወራረድን። እኔ "30 ነው" ብዬ የማልኩበት አልጋ ሲለካ 18 ሆኖ ተገኘ። ሐይቁ ዳር ማኪያቶ ጋበዝኩ። ከዚያ ወዲህ በዓይን አልለካም። ዲግሪ መለኪያ የሌለው አልጋ ካላችሁ እንዲህ አድርጉ። የጀርባው ክፍል ከሚታጠፍበት መገጣጠሚያ እስከ ራስጌው ጫፍ በሜትር ለኩ። ጫፉ የዚያን ግማሽ ያህል ወደ ላይ ሲነሳ 30 ዲግሪ ሆነ ማለት ነው። 80 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 40 ሳንቲ ሜትር ይነሳል። 45 ዲግሪ ለማድረስ ወደ 57 ይወጣል። ቁመቱ ላይ ሲደርስ ግድግዳው ላይ ፕላስተር ለጥፉ። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ከበሩ ሆኖ ማየት ይችላል።

አነሳሱም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የሕመምተኛው ዳሌ አልጋው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ መዋሉን አረጋግጡ። ዝቅ ብሎ ከተኛ የሚታጠፈው ሆዱ ነው፣ መተንፈሱም ይብስበታል። ቀጥሎ የጉልበቱን ክፍል ትንሽ አንሱ፣ ወደ ታች እንዳይንሸራተት። ከዚያ ራስጌውን ቀስ እያላችሁ፣ ዓይናችሁ ሞኒተሩ ላይ ሆኖ አንሱ። ደም ግፊቱ ከወረደ አቁሙና ሐኪም ጥሩ። በመጨረሻ ቱቦው ከንፈር ላይ ያለው ቁጥር (የጥልቀቱ ምልክት) አለመቀየሩን እዩ።

እንደ ባጃጇ ልጅ በአደጋ የመጣ፣ አከርካሪው ደህና መሆኑ ያልተረጋገጠ ሕመምተኛ ግን ወገቡ አይታጠፍም። እሱን ከነአልጋው ነው ራሱ ከፍ፣ እግሩ ዝቅ እንዲል የሚያዘነብሉት። ይህን ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ።

ማንሻው የተሰበረ አልጋ የሌለበት ክፍል የታደለ ነው። ትራስ መደራረብ መፍትሔ አይሆንም፣ አንገቱን ነው የሚያጥፈው። አናጺ ከጀርባ የሚገባ የእንጨት ድጋፍ ሊሠራላችሁ ይችላል። የሚታጠብ ላስቲክ ይልበስ እንጂ እንጨቱ ራቁቱን አይግባ፣ ጀርም ይጠጣል።

አልጋው የሚጋደመው ደግሞ መቼ እንደሆነ ልብ በሉ። ገላ ሲታጠብ፣ አንሶላ ሲቀየር፣ ኤክስሬይ ሲነሳ። ከዚያ ሁሉም ወደየሥራው ይሄዳል፣ ሕመምተኛው እንደተንጋለለ ይቀራል። የኛ ሕግ አንድ ነው፦ ያስተኛው ያነሳዋል።

4. አፍ

እውነቱን ለመናገር ስጀምር የአፍ ንጽህናን እንደ ውበት ሥራ ነበር የማየው። ጊዜ ከተረፈ ይሠራል፣ ካልተረፈ ለሚቀጥለው ተረኛ ይተላለፋል። አሁን ከመድኃኒት እኩል ቻርት ላይ እጽፈዋለሁ።

የሚያስፈልገው ለስላሳ የልጆች ጥርስ ብሩሽ ነው። ማንኛውም ሱቅ አለ። ራሱ ትንሽ ስለሆነ በቱቦው ጎን ይገባል። መፋቂያ ያመጡ አስታማሚዎች አጋጥመውኛል። ለጤነኛ ሰው ጥሩ ነው፤ እዚህ ግን ጭረቱ ተሰብሮ ጉሮሮ ውስጥ ይቀራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አልጋው ቀና ይበል። የፊኛዋን ግፊት ለኩ፣ እንዴት እንደሚለካ ቀጥሎ እነግራችኋለሁ። የአፍ ሰክሽኑን ክፈቱና መምጠጡን በጣታችሁ ሞክሩ። ሁለት ሰው ብትሆኑ ይመረጣል። አንዱ ቱቦውን ከንፈር ላይ አጥብቆ ይያዝ፣ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይናገር። "22።" ሌላው ብሩሹን በንጹህ ውሃ አርሶ ላይኛውን ጥርስ ከድድ ወደ ታች፣ ታችኛውን ከድድ ወደ ላይ ይቦርሽ። የጥርሱን የውስጥ ገጽ አትርሱ። ምላሱን ከኋላ ወደ ፊት። የሰክሽኑ ጫፍ ብሩሹን ይከተል፣ አረፋውና ውሃው ተጠራቅሞ አይጠብቅ። በቱቦው አንድ ጎን ያለውን ከጨረሳችሁ ቦታ ተቀያየሩ። ሲያልቅ ቁጥሩን እንደገና እዩ። አሁንም 22 መሆን አለበት። ከንፈሩን ቫዝሊን ቀቡት፤ የተሰነጠቀ ከንፈር የጀርም ጎጆ ነው። ጥርስ የሌላቸው አዛውንት ከሆኑ ጣት ላይ በተጠቀለለ እርጥብ ጎዝ ድዱንና ምላሱን ጥረጉ።

መቦረሹ በቀን ሁለት ጊዜ ይበቃል። በመሃል በየአራት ሰዓቱ አፉን ማርጠብና መምጠጥ ነው። ብሩሹ የአልጋ ቁጥር ተጽፎበት፣ ታጥቦ፣ ቆሞ ይድረቅ። አክታ ከሚጠራቀምበት ዕቃ አጠገብ አይሁን። ይህን የምለው እዚያው ዕቃ ውስጥ ቆሞ ስላገኘሁት ነው።

ስለ ክሎርሄክሲዲን መናገር አለብኝ። ብዙዎቻችን አፍን በሱ ማጠብ ግዴታ ነው ተብለን ነው የሠለጠንነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታደሰው የአሜሪካ የኢንፌክሽን መከላከል ባለሙያዎች መመሪያ ግን የሞት አደጋን ሊጨምር ይችላል በሚል ስጋት ለዚህ ዓላማ አልመከረውም። በምትኩ ያስቀደመው ምንድን ነው? ጥርስ መቦረሽን። የክፍላችሁ ፕሮቶኮል እስካሁን ክሎርሄክሲዲን የሚል ከሆነ በራሳችሁ አታቋርጡ። ራውንድ ላይ፣ ሐኪሞቹ ሕመምተኞቹን እየዞሩ ሲያዩ፣ አንሱት።

5. ካፉ (ፊኛዋ)

የፊኛዋ ግፊት ከ20 እስከ 30 የውሃ ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ከ20 ሲያንስ ኩሬው ይፈሳል። ከ30 ሲበልጥ የቧንቧው ግድግዳ ደም ያጣና ይቆስላል። በየተራው፣ ሕመምተኛው በተገላበጠ ቁጥር፣ አፍ ከመታጠቡም በፊት ይለካ።

በጣት ጫን እያሉ "ደህና ነው" ማለት አይሠራም። ጣት 20ን ከ60 አይለይም። መለኪያ መሣሪያው ከሌላችሁ የደም ግፊት መለኪያውን ሰዓት በሦስት መንገድ ማያያዣ አገናኝታችሁ መጠቀም ትችላላችሁ። እሱ የሚያነበው በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ስለሆነ የምትፈልጉት ከ15 እስከ 22 ያለውን ነው። ስታገናኙም ስትነቅሉም ትንሽ አየር ያመልጣል፣ ስለዚህ ወደ ላይኛው ጠጋ አድርጋችሁ ተዉት። መጀመሪያ ልምድ ካለው ሰው ጋር አድርጉት።

ካፉን ከማላላት በፊት ሁልጊዜ ከላይ ያለውን ምጠጡ። ይህን የዘለለ ሰው ኩሬውን በእጁ ነው ወደ ሳንባ የላከው።

6. ሰክሽን

በሰዓት አይደረግም፣ በምልክት ነው። አክታ ሲንኮረኮር ሲሰማ፣ ቱቦው ውስጥ ሲታይ፣ የማሽኑ ግፊት ሲጨምር፣ ኦክስጅኑ ሲወርድ። "በየሁለት ሰዓቱ" ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ የሚገባ ካቴተር (የመምጠጫው ቀጭን ቱቦ) ጉሮሮ ያቆስላል እንጂ ጥቅም የለውም።

ካቴተሩ ውፍረቱ ከቱቦው የውስጥ ስፋት ግማሽ አይብለጥ። ከመጀመራችሁ በፊት ከ30 እስከ 60 ሰከንድ መቶ በመቶ ኦክስጅን ስጡ። ስታስገቡ አይምጠጥ፣ ስታወጡ ብቻ። የመምጠጫው ግፊት ከ80 እስከ 120 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ፣ ጊዜው ከ15 ሰከንድ የማይበልጥ። እኔ የራሴን ትንፋሽ ይዤ ነው የምለካው። እኔን ሲያፍነኝ እሱን አፍኖታል።

መጀመሪያ ቱቦው፣ ከዚያ አፉ። በአንድ ካቴተር ከአፍ ወደ ቱቦ መመለስ ፈጽሞ የለም። አክታው ወፍሯል ተብሎ በየጊዜው ሳላይን መጨመርም አይመከርም፤ ጀርሙን ወደ ታች ያወርደዋል።

መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ያለችው ደቂቃ ረጅም ናት። የእግር ሰክሽን ካለ የት እንዳለ ተረኛው ሁሉ ይወቅ። አምቡ ባጉም (በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍሰው ከረጢት) ከአልጋው ራስጌ አይነሳ።

7. ማሽኑና ውሃው

የቬንትሌተሩ ቱቦዎች ቆሽሸው ካልታዩ ወይም ካልተበላሹ በቀን ተቆጥሮ አይቀየሩም። በየሁለት ቀኑ መቀየር ንጽህና ይመስላል፤ መስመሩን በከፈታችሁት ቁጥር ግን ለጀርም በር ትከፍታላችሁ። ቱቦው ውስጥ የሚጠራቀመውን ላብ መሰል ውሃ ሕመምተኛውን ከማገላበጣችሁ በፊት ከሱ በተቃራኒ አቅጣጫ አፍስሱት። ወደ ማርጠቢያው ዕቃ አትመልሱት።

የኦክስጅን ማርጠቢያ ጠርሙሷስ? ድሮ በሠራሁበት አንድ ቦታ ውሃዋ ሲቀንስ ከቧንቧ እየቀዳን እንጨምርባት ነበር። ታጥባ አታውቅም። አንድ ቀን ወደ መስኮቱ አቅንቼ ሳያት ታችኛው ክፍሏ አረንጓዴ ሆኗል። ሕመምተኛው በዚያ ውስጥ አልፎ የመጣ አየር ሲስብ ነበር የከረመው። አሁን ያለኝ ሕግ፦ በላዩ መጨመር የለም። ይደፋል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ስቴራይል ውሃ ይሞላበታል። በአፍንጫ ቱቦ በደቂቃ እስከ 4 ሊትር ለሚወስድ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማርጠቢያው ራሱ አያስፈልግም። ደርቆ ይቀመጥ።

8. ምግብ፣ አጥሚትና ጠበል

ምግብ በጊዜ መጀመሩ ጥሩ ነው። በአንጀት የሚሰጠው ከደም ሥሩ ይመረጣል። እኛ ጋ ብዙውን ጊዜ ቤተሰብ የሚያመጣው አጥሚት ነው፣ በአፍንጫ ቱቦ የሚገባ። ወፍራም አጥሚት ቱቦውን ይደፍናል። በንጹህ ነጠላ ጨርቅ ይጠለል፣ ለብ ይበል፣ የዕለቱ ይሁን። በፌስታል ተቋጥሮ ከጠዋት እስከ ማታ ሐዋሳ ሙቀት ውስጥ የዋለ አጥሚት አልቀበልም፣ ይቀየሙኝ።

የምግብ ቱቦው መጀመሪያ ሲገባ ቦታው በኤክስሬይ ይረጋገጥ። አየር ነፍቶ በስቴቶስኮፕ ማዳመጥ ሰውን አሳስቷል፣ ሳንባ ውስጥ ያለውም ይሰማል። ከዚያ በኋላ በየምግቡ አፍንጫው ጋ ያለውን ምልክት እዩ። አልጋው ቀና ሳይል ምግብ አይጀመርም። ቀስ ብሎ ይንጠባጠብ። ሲያልቅ 30 ሚሊ ሊትር ውሃ አሳልፉ፣ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አታስተኙት። በመሃል ለሆነ ነገር ማስተኛት ካስፈለገ ምግቡ ይቁም። በየጊዜው ከጨጓራ የቀረውን እየሳቡ መለካት ለሁሉም ሰው ግዴታ አይደለም። ማስመለሱን፣ ሆዱ መነፋቱን ተከታተሉ።

አሁን ወደ ከባዱ። በጥየቃ ሰዓት ነው። አንድ ጎልማሳ አባቱ አልጋ ላይ ጎንበስ ብሎ አየሁት። የሚጸልይ መስሎኝ አልፌ ልሄድ ስል የላስቲክ ጠርሙስ ክዳን እጁ ላይ አየሁ። ጠበል በክዳን እየቀዳ በቱቦው ጎን አፋቸው ውስጥ ያንጠባጥባል። ጉሮሯቸው ሲንኮረኮር ይሰማኛል። ሮጬ ሰክሽን አደረግኩ። ልጁ ደነገጠ፣ ተቆጣ፣ ከዚያ አለቀሰ። ለአባቱ የሚያደርገው ሌላ ምንም አልነበረውም።

"አትስጡ" ብሎ መከልከል ያኔ ብቻ ይሠራል፣ ዞር ስትሉ ይሰጣል። እኔ እንዲህ ነው የምለው፦ "ወንድሜ፣ አሁን መዋጥ ስለማይችሉ የገባው ሁሉ ሳንባቸው ውስጥ ነው የሚወርደው። ግንባራቸውን ቀባቸው፣ እጃቸውን ርጫቸው። መዋጥ ሲጀምሩ እኔው እጠራሃለሁ።" አንድ ቄስ መረጨቱም ያው በረከት ነው ብለው ረድተውኛል። እጅ ጭነው ለመጸለይ የሚመጡ ፓስተሮችንም አልከለክልም። መጀመሪያ አልኮሉን እጃቸው ላይ አፈስላቸዋለሁ። ቅር ያለው የለም። ውሃ፣ ጭማቂ፣ "ትንሽ ከንፈሩን ላርጥብለት" የሚባለውም ከዚሁ ይቆጠራል። ከንፈሩን ማርጠብ የፈለገ አስታማሚ ጎዙን ከእኛ ይውሰድ።

9. በየቀኑ፦ "ዛሬ ሊወጣ ይችላል?"

ምቹን የሚያስቀረው ትልቁ ነገር ቱቦውን ማውጣት ነው። ቱቦው የሚቆይበት እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀን ዕድሉን ያሰፋዋል። ቱቦው እንዳይወጣ የሚይዘው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳንባው ሳይሆን ማስተኛ መድኃኒቱ ነው። ዳያዜፓም "በየስድስት ሰዓቱ" ተብሎ ይታዘዛል፣ ሰውዬው ፀጥ ይላል፣ ፀጥ ያለ ሕመምተኛ ለሁሉም ይመቻል። ለኛ በተለይ በሌሊት ተረኝነት ላይ።

ስለዚህ ጠዋት ከራውንድ በፊት ይህን አዘጋጁ። ማስተኛ መድኃኒቱ ለጊዜው ሊቆም ወይም ሊቀንስ ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። ቴታነስ ያለበት፣ የሚጥል በሽታው ያልቆመ፣ የጭንቅላቱ ግፊት ከፍ ያለ ሰው አይቆምበትም። ለሌላው ግን ይሞከር። ሲነቃ ያናግሩት፣ በሚገባው ቋንቋ። ሲዳምኛ ብቻ የሚሰማ ሰው "ዓይንህን ክፈት" ሲባል ባይከፍት አልነቃም አይባልም። አስታማሚውን ጥሩለት። አንድ ጊዜ ከቤንሳ የመጣ ወጣት ሦስት ቀን "ትእዛዝ አይቀበልም" ተብሎ ተጽፎበት፣ እናቱ በስሙ ሲጠሩት እጃቸውን ጨመቀ።

ከነቃ፣ ማሳል ከቻለ፣ የሚወስደው ኦክስጅን 40 በመቶና ከዚያ በታች ከሆነ፣ ፒፑ (ትንፋሽ ሲያልቅ ማሽኑ ሳንባ ውስጥ የሚያስቀረው ግፊት) 8 እና ከዚያ በታች ከሆነ፣ ደም ግፊቱ በብዙ መድኃኒት የቆመ ካልሆነ ራሱን ችሎ የመተንፈስ ሙከራ ይደረግለታል። ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት። አጠገቡ ቆዩ። ትንፋሹ ቶሎ ቶሎ ካለ፣ ካላበው፣ ኦክስጅኑ ከወረደ ይመለስ፣ ነገ እንደገና። ነገ ማለት ነገ ነው፣ ሳምንት አይደለም።

ማንቀሳቀስም እዚህ ውስጥ ይገባል። በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ እግርና እጁን ማጠፍ መዘርጋት፣ ሲችል አልጋው ጠርዝ ላይ ማስቀመጥ። ቱቦ ለሌለው፣ ሆዱን ለተቀደደ ሕመምተኛ ደግሞ ትራስ ቁስሉ ላይ አስደግፎ ማሳል፣ ጥልቅ ትንፋሽ ማስተንፈስ፣ በቂ የሕመም ማስታገሻ መስጠት። የሚያመው ሰው አያስልም።

ከመጣስ?

ይህ ሁሉ ተደርጎም ይመጣል። አዲስ ትኩሳት፣ መልኩ የተለወጠና የበዛ አክታ፣ ትናንት በ40 በመቶ የነበረ ኦክስጅን ዛሬ 60 መጠየቁ። ለሐኪሙ ንገሩ፣ ኤክስሬይ ይታዘዝ። አክታው ለካልቸር (ጀርሙን በላቦራቶሪ አሳድጎ ለመለየት) የሚወሰደው አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ሕመምተኛው በጣም ከደከመ ግን መድኃኒቱ ናሙና አይጠብቅም። ለአብዛኛው ሰው 7 ቀን ሕክምና ይበቃል። "ለማንኛውም" ተብሎ ማራዘም የሚቀጥለውን ሕመምተኛ መድኃኒት ያሳጣል።

ቁጠሩ

የክፍላችሁን ሥራ የምታውቁት ስትቆጥሩ ነው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ስንት ሰው በማሽን ላይ እንዳለ ጻፉ። የወሩን ደምሩ። ያ የቬንትሌተር ቀን ይባላል። በወሩ የተያዙትን ለዚያ አካፍሉና በ1000 አባዙ። ለምሳሌ 150 የቬንትሌተር ቀን ኖሮ 3 ሰው ቢያዝ፣ ከ1000 ቀን 20 ማለት ነው። በትንሽ ክፍል አሃዙ በአንድ ሰው ስለሚዘል የአንድ ወሩን አይታችሁ አትደንግጡ፣ የስድስት ወሩን አያይዛችሁ እዩት።

ወረቀቱን ነርሶች የሚቀመጡበት ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ዝቅ ሲልም ከፍ ሲልም እዚያው ይቆይ። የኛ አንድ ወር ከፍ ብሎ "ለጎብኚ አያምርም" ተብሎ ወረደ። ከሳምንት በኋላ መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት፣ ከብሩሾቹ ሥር። መልሼ ለጠፍኩት፣ በዚህ ጊዜ በአራቱም ጥግ ፕላስተር አድርጌ።